ሃርድ ዲስኬ ቀጭ ቀጭ እያለ ነው፤ ላስከፍተው፣ ፎርማት ላስደርገው ወይስ ልተወው? (ድሬዳዋ)

ከዚራ ፎቶ | ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 4፡20

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው፤ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ከዚራ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ፎቶም ቪዲዮም እሠራለሁ። ዛሬ ከሰዓት ኤዲት እያደረግኩ መብራት ሄደ። ወዲያው መጣ። ደግሞ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ቆሞ ይቀራል። ጆሮዬን ወደ ኬዙ ሳስጠጋ ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከዚያ ዝም። ከዚያ እንደገና።

ሃርድ ዲስኩ የዴስክቶፕ ነው፣ 1 ቴራ። ስድስት ዓመት አገልግሎኛል። ባክአፕ የለኝም።

ውስጡ ያለውን ልንገራችሁ። ያላስረከብኳቸው ሁለት ሰርጎች አሉ። የአንዱ ሙሽሮች ከአሥር ቀን በኋላ አልበማቸውን ሊወስዱ ቀጠሮ ይዘዋል። የስድስት ዓመት የደንበኛ ሥራም አለ። ሦስተኛው ግን ሌላ ነው። አያቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነበር የምትኖረው። ስፌት ትሰፋ ነበር። ከማረፏ በፊት በነበረው ክረምት አጠገቧ ተቀምጬ ድምጿን ቀድቻለሁ። አሥራ አራት ፋይል ነው። የጥለቶቹን ስም፣ ማን እንዳስተማራት፣ ለሙሽራ የሚሰፋው ከሌላው በምን እንደሚለይ ትናገራለች። ሌላ ቦታ የለም።

ሰፈራችን ያለ ጠጋኝ "ፎርማት እናድርገውና በሶፍትዌር እናወጣዋለን" አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ "ይከፈትና ይታይ" ይላል። እስካሁን አምስት ጊዜ አብርቼ አጥፍቻለሁ። ምን ላድርግ?

---

የሳቢያን ልጅ | ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 4፡41

አይዞሽ እህቴ። በላስቲክ ጥሩ አድርገሽ ጠቅልይና ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት አውጥተሽ ቶሎ ሰክተሽ ፋይልሽን ቅጂ። እኔ ድሮ በአንድ አሮጌ ዲስክ ሞክሬው ሠርቶልኛል። ወላሂ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሠራ።

---

ገንደቆሬ | ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 4፡55

ክፈቱት የሚለው ልክ ሳይሆን አይቀርም። ሄዱ፣ ማለት ዳታውን የሚያነበው ክፍል፣ ተጣብቆ ይሆናል። በጣት ትንሽ ገፋ ሲያደርጉት የሚላቀቅ አለ። ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 5፡10

እህቴ፣ መጀመሪያ አጥፊው። ሶኬቱን ንቀይ። ይህን ጽሑፍ አንብበሽ እስክትጨርሺ፣ ከዚያም በኋላ፣ አታብሪው። ስድስተኛው ሙከራ ከአምስቱ የተለየ ነገር አያመጣልሽም። ሊወስድብሽ ግን ይችላል።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ዲስኩ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያበሩ ሳህኖች አሉ። የዴስክቶፑ ብዙ ጊዜ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል። በአንድ ሴኮንድ 120 ዙር ማለት ነው። የሚያነበው ሄድ ሳህኑን አይነካም። ከላዩ በአየር ተይዞ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከአንድ የጸጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ለእኛ የማትታይ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ለእሱ ድንጋይ ናት።

ቀጭ የሚለው ሄዱ መንገዱን ፈልጎ ሲያጣ ነው። ወደ ማረፊያው ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ያጣል። ሄዱ ራሱ ተጎድቶ ከሆነ በየሙከራው ሳህኑን ሊቧጭር ይችላል። የተቧጨረውን በዓለም ላይ ያለ ማንም ባለሙያ አይመልሰውም። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ነገር አቧራ ሆኗልና።

ወንድማችን ሳቢያን የሠራለትን ነው የነገረሽ፤ አልዋሸም። ድሮ ሄዳቸው ሳህን ላይ የሚጣበቅ ዲስኮች ነበሩ፤ ቅዝቃዜው አንዳንዴ ያላቅቃቸው ነበር። አሁን ግን በግንቦት፣ በድሬ ሙቀት፣ ከፍሪዘር የወጣ ብረት ላይ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ከፍሪጅ የወጣ የውሃ ጠርሙስ እንደሚያልበው ያልበዋል። አብዛኛው ዲስክ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ስላለው እርጥበቱ ውስጥም ይገባል። በእርጥብ ሳህን ላይ 120 ዙር በሴኮንድ ማሽከርከር መግደል ነው።

መክፈት ደግሞ፣ ገንደቆሬ ወንድሜ፣ በፍጹም። ይህ የሚከፈተው አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ነው። ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ፋን እየዞረ፣ አይከፈትም።

ፎርማት ያለሽ ሰው ጋር አትመለሺ። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ግን ዲስኩ እንዲሠራ ነው የሚያስበው። አንቺ የምትፈልጊው ዲስኩን አይደለም። ዲስክ ይገዛል። ስለዚህ ጥያቄሽን ቀይሪው። "ይጠገናል ወይ?" አትበይ። "ውስጡ ካለው ሌላ ቦታ የማይገኘው የትኛው ነው? ለእሱስ ምን ያህል እከፍላለሁ?" በይ። መልሱ ነው ወዴት እንደምትሄጂ የሚወስነው።

ሳታበሪ፣ ከትዝታሽ ብቻ መልሺልኝ። ሲበራ የመሽከርከር ድምፅ ይሰማ ነበር? ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ስሙና መጠኑ ታይቶ ያውቃል? ቀጭ የሚለው እንደ ሰዓት በእኩል ልዩነት ነው ወይስ የተዘበራረቀ?

---

ከዚራ ፎቶ | ግንቦት 11፣ ከምሽቱ 5፡32

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ነቅዬዋለሁ።

መሽከርከሩ ይሰማል። ይጀምርና እንደ ደከመ ሰው ይወርዳል። ከዚያ ቀጭ ይልና እንደገና ይጀምራል። እኩል ልዩነት የለውም። ባዮስ ላይ አንድ ጊዜ በትክክለኛ ስሙና በ1000 ጊጋ ታይቷል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን ጠፋ።

---

ሽቦና መብራት | ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 1፡15

"ይጀምርና እንደ ደከመ ሰው ይወርዳል" ያልሽው ነገር ሌሊቱን ሲያመላልሰኝ አደረ። እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም፤ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ግን ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት የሚመግበውን እዩት።

የዴስክቶፕ ዲስክ ሁለት ዓይነት ቮልት ነው የሚቀበለው። 5 ቮልቱ ለሰርኪዩቱ ነው። 12 ቮልቱ ሞተሩን ያዞራል። መብራት ሄድ መጣ ሲል ፓወር ሰፕላዩ ተጎድቶ ከሆነ ሞተሩ የሚበቃ ጉልበት አያገኝም። ይነሳል፣ ይደክማል፣ ሄዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ቀጭ ይላል። ድምፁ ከተሰበረ ዲስክ ጋር አንድ ነው!

ዲስኩን ነቅለሽ አስቀምጪው። ከዚያ ቴስተር ያለው ሰው ፓወር ሰፕላዩን ይለካ። ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት መሆን አለበት። ከዚያ ውጭ ከሆነ ጤነኛ አይደለም። ካፓሲተሮቹንም ይይ፤ አናታቸው ካበጠ ሞተዋል። ግን ክዳኑን የሚያውቅ ሰው ይክፈተው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ አደገኛ ቮልት ይዞ ይቆያል።

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 1፡40

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ኤሌክትሪሽያኑ ልክ ነው። ይለካ። ዲስኩ ግን አይሰካ።

---

ሦስተኛ ዓመት | ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 2፡05

ተማሪ ነኝ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ። ፓወሩ ከተስተካከለ በኋላ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ሰክታ ቼክዲስክ (የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ) ብታደርግስ? የተበላሸውን ሴክተር (ዳታ የሚጻፍባትን ትንሽ የዲስክ ክፍል) ያስተካክላል። ካልሆነ ሪኩቫ የሚባለውን ፋይል መመለሻ ጭና ትፈልግ። ለፍላሽ ብዙ ጊዜ ሠርቶልኛል።

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 2፡30

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ዳታውን የሚያጣው እዚህ ጋ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ቼክዲስክ የፋይል ሥርዓቱ እንዲስተካከል ነው የተሠራው። ፋይልህ እንዲተርፍ አይደለም የሚያስበው። እያለቀ ባለ ዲስክ ላይ ስታስኬደው ሁሉንም ቦታ ያስነብበዋል፣ ይጽፍበታል፣ የማይገባውን ይቆርጣል። ሲጨርስ "ተስተካክሏል" ይልሃል። ፎልደሩን ስትከፍት ስም የሌላቸው ቁርጥራጮች ታገኛለህ።

ሪኩቫ ጥሩ ነው፤ በስህተት ለጠፋ ፋይል። ለታመመ ብረት ግን ሶፍትዌር መድኃኒት አይሆንም። እንዲያውም ዲስኩን ለሰዓታት ያስሮጠዋል። የዳነውንም እዚያው ዲስክ ላይ ካስቀመጥከው፣ በፈለግከው ላይ ደርበህ ጻፍክበት ማለት ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ከታመመው ዲስክ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው፣ ወደ ጤነኛ ዲስክ ገልብጠህ ታወጣለህ። የታመመውን ታሳርፈዋለህ። ሪኩቫም ሆነ እንደ እሱ ያለው ቴስትዲስክ የምትሞክረው ከዚያ በኋላ፣ ቅጂው ላይ ነው። ቅጂው ቢበላሽ ሌላ ቅጂ አለ።

እኔ የምጠቀመው ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነው። ነፃ ነው፣ በሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ በሚጫን ሌላ ሥርዓት) ይሠራል። የሚወደድለት ነገር ትዕግሥቱ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያወጣል። የሚያስቸግረው ቦታ ሲደርስ ይዘለዋል። በመጨረሻ ተመልሶ የዘለላቸውን ቀስ እያለ ይሞክራል። ዲስኩ መንገድ ላይ ቢሞት እንኳ ብዙው አምልጧል። የዊንዶውስ ኮፒ ፔስት ግን አንድ የተበላሸ ፋይል ላይ ተቸክሎ ዲስኩን ሲያንገላታው ይውላል።

---

አወዳይ ሂሳብ | ግንቦት 12፣ ከቀኑ 6፡10

እኔ ያደረግኩትን አታድርጊ ብዬ ነው የምጽፈው።

አወዳይ የጫት ነጋዴዎች ሂሳብ እይዛለሁ። ከአራት ዓመት በፊት ዲስኬ ጭስ ጭስ ሸተተና ጸጥ አለ። ምንም ድምፅ የለም። ቦርዱ (ዲስኩ ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ተቃጥሏል አልኩ። ልክ ነበርኩ። ድሬ ወርጄ ታይዋን ገበያ ተመሳሳይ ሞዴል ፈልጌ ገዛሁ። የሱን ቦርድ ፈትቼ ወደ እኔ ዲስክ አዛወርኩት። ዞረ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ከዚያ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። "ሊላመድ ነው" ብዬ አንድ ሰዓት ተውኩት።

በኋላ ነው የተረዳሁት። በአብዛኛው ዲስክ ቦርድ ላይ ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ አለች። የዚያ ዲስክ የራሱ ልኬት ፋብሪካው ውስጥ እሷ ላይ ይጻፋል። ሞዴሉ አንድ ቢሆንም ልኬቱ የየብቻ ነው። ቺፗን ከአሮጌው ቦርድ ነቅለው አዲሱ ላይ ካልበየዱ፣ የሰው መነጽር አድርጎ እንደማንበብ ነው። እኔ የሰው መነጽር አድርጌለት አንድ ሰዓት ሙሉ አስሮጥኩት።

በመጨረሻ ዳታ የሚያወጡ ሰዎች ጋር ሳደርሰው ሳህኑ ተቧጭሯል አሉኝ። የነጋዴዎቹን ሂሳብ ከደረሰኝ እየለቀምኩ እንደገና ሠራሁት። አምስት ወር ፈጀብኝ። ደረሰኝ ስለነበረ ነው የተረፍኩት። የአያት ድምፅ ደረሰኝ የለውም።

---

ከዚራ ፎቶ | ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 1፡50

ወንድሜ አወዳይ፣ የመጨረሻዋን መስመር አንብቤ ስልኩን አስቀምጬ ተነሳሁ። ግን አመሰግንሃለሁ።

ቢጫው ሽቦ ተለካ። 11 ቮልት እንኳ አልሞላም። የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ሲያየው ሁለት ካፓሲተሮች አብጠዋል። ሽቦና መብራት፣ አላህ ይስጥህ።

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 12፣ ከምሽቱ 2፡15

ተስፋው ከፍ አለ። ግን አሁን ነው መጠንቀቅ። ስድስት ዓመት የሠራ ዲስክ ነው፤ እየጻፈ እያለ ደጋግሞ መብራት ተቋርጦበታል። ፓወሩ ቢቀየርም ዊንዶውስ አስነሺበት ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ሲነሳ ሺህ ነገር ያነባል፣ ይጽፋል።

ዲስኩን ከመንካታችን በፊት ግን አንድ ሥራ አለ። ወረቀት አውጪ። ውስጡ የነበረውን ጻፊ። ከእያንዳንዱ ጎን "ሌላ ቦታ የት አለ?" ብለሽ ጻፊ። ሰው ሲደነግጥ ሁሉም ነገር ዲስኩ ውስጥ ብቻ ያለ ይመስለዋል። የካሜራሽን ካርዶች አይተሻል? ለሙሽሮቹ በቴሌግራም የላክሽው የለም? አልበም የሚያትምልሽ ቤት ያንቺን ፋይል አላስቀመጠም?

---

ከዚራ ፎቶ | ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 4፡30

ሌሊቱን ስፈልግ አደርኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሰርግ ካርዱ ላይ እንዳለ ነው። አልነካሁትም ነበር! ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የሁለተኛው ካርድ ካሜራው ላይ ፎርማት ተደርጓል። ከዚያ በኋላ አንድ ትንሽ ልደት ነው የተነሳበት። የአያቴ ደግሞ ሦስቱን ፋይል ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ልኬላት ነበር። አሁንም ቻቱ ውስጥ አሉ፤ አወረድኳቸው። አሥራ አንዱ የለም።

---

ሦስተኛ ዓመት | ግንቦት 13፣ ከጠዋቱ 4፡48

ያንን ካርድ ካሜራ ውስጥ አትመልሺው! በካሜራ ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ ማውጫው ነው የሚጠፋው። ፎቶው ሌላ እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ካርዱ ጎን ላይ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች አድርገሽ በካርድ ሪደር ስኪው። የሚወጣውን ላፕቶፕሽ ላይ አስቀምጪ። የፋይሎቹ ስም ይጠፋል፤ ፎቶዎቹ ግን ይመጣሉ። ልደቱ የተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው የማይመለሰው። ከፈለግሽ ከሳቢያን መጥቼ እሠራልሻለሁ። ገንዘብ አልፈልግም።

---

ከዚራ ፎቶ | ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 12፡40

መጥቶ ሠራልኝ። ከ1,100 ፎቶ 940ው ወጣ። እናቱ ትባረክ።

አሁን የቀረው የአያቴ አሥራ አንዱ ፋይልና የድሮው የደንበኛ ሥራ ነው። ጋሼ፣ ለእሱ ምን ልወስን?

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁለት መንገድ አለሽ። እውነቱን አስቀምጬልሽ አንቺ ትወስኛለሽ።

አንደኛው ዲስኩን ሳትነኪ ንጹህ ክፍል ላላቸው ሰዎች መስጠት ነው። ውድ ነው፣ ወራትም ሊወስድ ይችላል። ዳታ እናወጣለን የሚል ሁሉ ንጹህ ክፍል የለውም። "ሄድ ትቀይራላችሁ? የት ነው የምትከፍቱት? መለዋወጫ ዲስክ ከየት ታመጣላችሁ? ካልወጣ ትከፍላለሽ ትላላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ከተድበሰበሰ ዲስክሽን ይዘሽ ውጪ።

ሁለተኛው በጤነኛ ፓወር አንድ ጊዜ መሞከር ነው። ዲስኩ ጸጥ ብሎ ከዞረና በስሙ ከታወቀ እንገለብጠዋለን። አንድ ጊዜ ቀጭ ካለ በዚያው ሴኮንድ አጠፋዋለሁ። ከዚያ የቀረው የመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነው።

ጥፋቱ ከፓወር ሰፕላዩ መሆኑን በቴስተር ባናይ ኖሮ ሁለተኛውን አልመክርሽም ነበር። አሁን ግን እኔ ብሆን እሞክራለሁ። ቢሆንም የአያትሽ ድምፅ ነው፤ እኔ ልወስንልሽ አልችልም። ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ።

---

ደቻቱ ዳር | ግንቦት 13፣ ከምሽቱ 2፡05

ይህን ክር ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዳታው ሲወጣ ሁለት ቅጂ አድርገሽ ሁለቱንም እዚያው ፎቶ ቤት እንዳታስቀምጪ።

በ1998 ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሌሊት ቤታችን ገባ። እኛ በሕይወት ወጣን። ስንት ሰው ነው ያለቀው። የአባቴ ፎቶዎች ሁለት አልበም ነበሩ፣ ሁለቱም አንድ ቁምሳጥን ውስጥ። ዛሬ የአባቴ ፎቶ ያለኝ አንድ ነው፤ እሱም ሐረር ዘመድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስለነበረ ነው።

---

ከዚራ ፎቶ | ግንቦት 14፣ ከጠዋቱ 3፡00

ከእናቴ ጋር ተነጋገርን። ሁለተኛውን መንገድ መርጠናል። ጋሼ፣ ነገ ወደ ሐረር ይዤው እወጣለሁ። እንዴት ልያዘው?

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 14፣ ከጠዋቱ 3፡12

አዲስ ዲስክ የሚመጣበት ላስቲክ ካለሽ በእሱ፣ ከሌለሽ በንጹህ ወረቀት ጠቅልይው። በወፍራም ፎጣ ድገሚበት። የመኪናው ወንበር ላይ አትጣይው፤ ከደንገጎ መጠምዘዣ ጋር ይንሸራተታል። ጭንሽ ላይ ይሁን። ያልበራ ዲስክ ሄዱ አርፏል፤ መንቀጥቀጥ ብዙም አይጎዳውም። መውደቅ ግን ይጎዳዋል። አዲስ 2 ቴራ ዲስክም ገዝተሽ ነይ። የሚገለበጥበት ከሚገለበጠው ማነስ የለበትም።

---

የሳቢያን ልጅ | ግንቦት 15፣ ከምሽቱ 3፡20

ምን ሆነ? እኔም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፍሪዘር ያልኩት እኔ ነኝ።

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 17፣ ከጠዋቱ 2፡00

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። ሁለት ሌሊት አብሬው አደርኩ።

እህታችን ከእናቷ ጋር መጣች። ዲስኩን በሌላ ፓወር ሰፕላይ፣ በሌላ ኬብል ሰካሁት። ሦስታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። ዞረ። ቀጭ አላለም። ሊኑክሱ በስሙ አወቀው። ምንም ፋይል ሳልከፍት የጤናውን ማውጫ አየሁ። እዚያ ላይ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ዜሮ መሆን አለባቸው። 5 ማለት ተበላሽቶ በመጠባበቂያ የተተካ ሴክተር ነው። 197 አልነበብ ብሎ የሚጠባበቅ ነው። 198 ደግሞ ሳይነበብ የቀረ ነው። ሦስቱም ዜሮ አልነበሩም። ዲስኩ ከፓወሩ ውጭም የራሱ ሕመም ነበረው። ዊንዶውስ አስነስተንበት ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ።

መገልበጥ ጀመርን። ጤነኛ ቢሆን 1 ቴራ በሦስት ሰዓት ገደማ ያልቅ ነበር። የኛው መጀመሪያ ጥሩ ሄደና መሐል ላይ መንቀርፈፍ ጀመረ። ትንሽ ፋን አቅርቤለታለሁ። ለሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው በባትሪ የሚይዝ) ስለነበረኝ በሥርዓቱ አጠፋሁት። ዲዲሬስኪው ያነበበውን የሚመዘግብበት ፋይል አለው፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ። ያ ፋይል ባይኖር ኖሮ የታመመውን ዲስክ ከዜሮ ማስሮጥ ነበር።

በሁለተኛው ሌሊት መጨረሻ ያልተነበበው 38 ሜጋባይት ብቻ ቀረ። ከአንድ ሙሉ ቴራ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሞከርኩት፣ አልሰጥ አለ። ዲስኩ ሲደክም ስለተሰማኝ አቆምኩ።

የትኛው ፋይል እንደተነካ ለማወቅ ደግሞ የቅጂውን ቅጂ ሠራሁ። ያልተነበቡትን ቦታዎች በአንድ ልዩ ቃል ሞላኋቸው። ያ ቃል ያለባቸውን ፋይሎች ፈለግኩ። ዘጠኝ ሆኑ። ስድስቱ የድሮ ደንበኛ ፎቶዎች ናቸው። አንዱ የዊንዶውስ ፋይል ነው። አንዱ የቆየ ቪዲዮ ነው። አንዱ የአያቷ ነው።

---

ሽቦና መብራት | ግንቦት 17፣ ከጠዋቱ 2፡25

እጅህ ይባረክ። እህታችን፣ ፎቶ ቤትሽን በዚህ ሳምንት መጥቼ ላየው። ዲቫይደርሽ ላይ ስንት ነገር እንደተሰካ እገምታለሁ። ኮምፒውተሩ ለብቻው መስመር ይኑረው፣ ዩፒኤስም ያስፈልጋል። ስታቢላይዘር ብቻውን አይበቃም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

---

ገንደቆሬ | ግንቦት 17፣ ከጠዋቱ 3፡10

የኔ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ነው። እሱ አይሽከረከርም፤ እንዲህ አይሆንም አይደል?

---

ሐረር ጠጋኝ | ግንቦት 17፣ ከጠዋቱ 3፡30

ቀጭ አይልም። መውደቅንም በተሻለ ይችላል። ግን ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው። በስህተት ያጠፋኸውን ፋይል ደግሞ ትሪም የሚባለው አሠራር ወዲያው ያጸዳዋል፤ ሪኩቫ የሚያገኘው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ባክአፕ ለኤስኤስዲ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ዛሬውኑ አድርግ።

---

ከዚራ ፎቶ | ግንቦት 19፣ ከምሽቱ 2፡45

ሰርጎቹ ተስተካክለዋል። ያልተመለሱትን ፎቶዎች በተመለከተ ለሙሽሮቹ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ዋጋ ቀንሼላቸዋለሁ። አንድ ቅጂ እኔ ጋር አለ። አንዱ ጀጎል አክስቴ ቤት ነው። የአያቴ ፋይሎች ደግሞ ቴሌግራም ላይም ተጭነዋል። አሮጌው ዲስክ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት መሳቢያ ውስጥ ነው። ጋሼ አትጣይው ብሎኛል።

የተነካውን የአያቴን ፋይል ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር ከፈትነው። ጥርት ብሎ ይሄዳል። 23ኛው ደቂቃ ላይ "አጀማመሩን ከያዝሽ ሌላው ቀላል ነው፣ አጀማመሩ ግን..." ትላለች፤ ከዚያ ዝምታ ነው። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ዝም። ከዚያ ድምጿ ይመለሳል፤ ስለ ቀለም ማውራት ጀምራለች።

እናቴ እንዲደገም ጠየቀችኝ። ደገምኩላት። ሦስተኛው ላይ "አጀማመሩን እኔ አውቀዋለሁ" አለች። ንገሪኝ ስላት በአፍ አይነገርም አለች። ዛሬ ጠዋት ከቀፊራ ስንደዶና አክርማ ገዝታ መጣች። ካሜራውን ጣቶቿ ላይ አድርጌ ቀረጽኳት። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ፈጀ። ፋይሉን ከአሥራ አራቱ ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ ለአክስቴ ቤት የሚሆነውን ቅጂ ነገ እወስዳለሁ።